የሂማላያ የጫካ መንገድ ለሱሉልታ ጉልበት

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ዕድሜዬ 52፣ ሥራዬ መምህርትነት። ልጄ ደልሂ ይሠራል። «እማ፣ ነይና ኔፓል አብረን እንሂድ» እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ያሰበው ጉዞ ጎሬፓኒና ፑን ሂል የሚባለው ነው። አስጎብኚው የላከለት ወረቀት «ቀላል የጫካ መንገድ፣ ለጀማሪ የሚሆን» ይላል። ባለቤቴ ግን ሂማላያ ሲባል ኤቨረስት ላይ በረዶ የበላው ሰው ነው የሚታየው፤ «አይሞከርም!» ብሏል። እኔ እንጦጦ ማርያም በእግሬ እወጣለሁ፤ ግራ ጉልበቴ ግን አንዳንዴ ያመኛል። ልጄ ጋ ሁለት ሳምንት ካረፍኩ በኋላ ነው የምንሄደው፤ በመጋቢት። መንገዱ እውነት ቀላል ነው? በምን ልወቅ?
የሱሉልታዋ መምህርት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ባለቤትዎን እናረጋጋቸው። የኤቨረስት ጫፍ 8,849 ሜትር ነው። እርስዎ የሚወጡበት ትልቁ ከፍታ ፑን ሂል ነው፤ 3,210 ሜትር። የእንጦጦ ራስም 3,200 ገደማ ነው። የሚያድሩበት የጎሬፓኒ መንደር 2,860 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ካለው አልጋዎ ብዙም ከፍ አይልም። እዚያ ገመድ፣ የኦክስጅን ጠርሙስ፣ በረዶ ላይ መንጠልጠል የሚባል ነገር የለም። መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት የአገሬው ሰው መንገድ ነው። ተማሪ ይመላለስበታል፤ በቅሎዎች ሩዝና ጋዝ ጭነው ያልፉበታል።

ይህን ከወረቀት ብቻ አንብቤ አይደለም የምነግርዎ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄጄበታለሁ። ቡራዩ ነው የምኖረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ጫካ የሚወጣ የሃይኪንግ ቡድንም አለን። ለጉልበትዎ የምሰጠው ምክር ከዚያም ያየሁት ነው።

እንግዲህ ወደ «ቀላል» እንምጣ። አስጎብኚዎች ይህን ደረጃ ሲሰጡ የሚያዩት ከፍታው መጠነኛ መሆኑንና ገደል መቧጠጥ የሌለበት መሆኑን ነው። የሚያስቡትም በአብዛኛው ከባሕር ዳርቻ ከተማ የሚመጣውን መንገደኛ ነው። ያ ሰው የሚፈራው አየሩ መሳሳቱን ነው። ለእኛ ለደገኞቹ ግን ከፍታው ትንሹ ጭንቀት ነው። እኛን የሚፈትነን የድንጋይ ደረጃው ነው፤ በተለይ ቁልቁለቱ።

ወረቀቱን እንደገና አውጥተው ይዩት። ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ የጻፈው፣ ገና ምንም አልነገረዎትም። 10 ኪሎ ሜትር በሱሉልታ ሜዳና 10 ኪሎ ሜትር ወደ ኡሌሪ መንደር በሚወጣው የድንጋይ ደረጃ አንድ አይደሉም። መጠየቅ ያለብዎት «በቀን ስንት ሜትር ሽቅብ? ስንት ሜትር ቁልቁል?» ብለው ነው። ለእያንዳንዱ ቀን ለየብቻ ይጻፍልኝ ይበሉ። ይህን መመለስ የማይችል አስጎብኚ ወይ መንገዱን አያውቀውም፣ ወይ ሊነግርዎ አይፈልግም።

እኔ ልንገርዎ። በተለመደው አካሄድ ሁለተኛው ቀን ከቲኬዱንጋ መንደር ተነስቶ ጎሬፓኒ ያደርሳል። ቲኬዱንጋ 1,540 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ወደ 1,300 ሜትር ሽቅብ ይወጣሉ ማለት ነው። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው አቀበት 500 ሜትር አይሞላም። እንጦጦን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተኩል እንደመውጣት ይቁጠሩት። ከዚህም ላይ የመጀመሪያው ክፍል፣ ወደ ኡሌሪ መንደር የሚወጣው፣ ሁሉም የድንጋይ ደረጃ ነው። ከ3,000 በላይ ደረጃ አለው። የቤት ደረጃ እንዳይመስልዎት፤ ቁመቱ አይመጣጠንም። አንዱ ቁርጭምጭሚት ጋ ይደርሳል፣ ቀጣዩ ጉልበት ሊነካ ምንም አይቀረው። እግር የራሱን ምት ይዞ መሄድ አይችልም። ጥላ ያለበት ላይ ደግሞ የድንጋይ ሽበት ይዞታል፤ ዝናብ ከነካው ያንሸራትታል።

ሰዓቱን ለመገመት አንድ የቆየ ስሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊልያም ናይዝሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ነው። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ይያዛል፤ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ይጨመራል። የዚያን ቀን መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንለው 2 ሰዓት ለርቀቱ፣ ከ2 ሰዓት ትንሽ በላይ ለአቀበቱ ይሆናል። ይህ ግን የጠንካራ ሰው ስሌት ነው፤ ዕረፍት የለበትም፣ ምሳ የለበትም። እኔ በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው ግማሹን እጨምርበታለሁ። ከ6 ሰዓት በላይ መጣ፤ ምሳውን ሲጨምሩ ቀኑ ሞላ። ታዲያ «ቀላል» የተባለው ይህ ነው። አይቻልም አላልኩም፤ ይቻላል። ግን ምን እንደሚጠብቅዎ አውቀው ይግቡበት።

ጥሩው ዜና፣ ይህን ቀን ማቅለል ይቻላል። ዛሬ ጂፕ እስከ ኡሌሪ ይወጣል። ልጅዎ ኡሌሪ ድረስ መኪና ይያዝ። ደረጃው አብዛኛው ቀረልዎ ማለት ነው፤ ጫካው ግን አይቀርብዎትም። ደኑ የሚጠነክረው ከኡሌሪ በላይ ነው። የሮዶደንድሮን ዛፎቹ የኔፓል ብሔራዊ አበባ የሚያብብባቸው ናቸው፤ በአገሬው «ላሊ ጉራንስ» ይባላል። በመጋቢትና ሚያዝያ ጫካው ቀይ በቀይ ይሆናል። ግንዱ ሽበት ለብሶ፣ ጠማማ ሆኖ፣ ከሱባ ጫካ አስታ ጋር ሲያዩት ዝምድና ያለው ይመስላል። በእርግጥም ሁለቱ አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው።

አሁን ጉልበትዎ። ጉልበት የሚያመውን ሰው አቀበት በአብዛኛው ያደክመዋል። ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ከጎሬፓኒ በኋላ በየት እንደምትወርዱ ይጠይቁ። ጉዞውን ለማሳጠር ብለው ከጎሬፓኒ እስከ መንገዱ መነሻ ናያፑል በአንድ ቀን የሚያወርዱ አሉ። ከ2,860 ወደ 1,070 ሜትር ማለት ነው። ይህን እንቢ ይበሉ። በታዳፓኒ አድርጎ ወደ ጋንድሩክ መንደር የሚሄደው ይሻላል። ቁልቁለቱ በሁለት ቀን ይከፈላል፤ ከጋንድሩክ አካባቢም መኪና ይገኛል። አንድ ቀን ይጨምራል፤ ይጨምር። ሁለት ዱላ ይያዙ፤ አንድ አይበቃም። ሲወርዱ ዱላው ቀድሞ መሬት ይንካ፣ ከዚያ እግር።

መቻልዎን የሚያውቁት እዚሁ ነው። ከአሁን ጀምረው በሳምንት ሁለት ቀን ይውጡ። ከጉዞው አንድ ወር በፊት ደግሞ ይህን ይሞክሩ፦ ቅዳሜ፣ ሊይዙት ያሰቡትን ቦርሳ አዝለው፣ ሊያደርጉት ያሰቡትን ጫማ አድርገው ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ይውጡና በእግር ይውረዱ። ታክሲ የለም። እሑድ ያንኑ ይድገሙ። ውጤቱን ሰኞ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ያዩታል። ጡንቻ ብቻ ከዛለ ዝግጁ ነዎት። ጉልበትዎ ካበጠ፣ ወይም አልታጠፍ ካለ፣ ሐኪም ሳያየው አይሂዱ። ለብቻዎ ግን ጫካ አይግቡ፤ ጎህ ሳይቀድም ደግሞ ጭራሽ። የእንጦጦን ጅብ እርስዎም ያውቁታል።

ከፍታውን ትንሹ ጭንቀት ብዬዋለሁ። አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል፤ ደልሂ የሚቀመጡት ሁለት ሳምንት። ደልሂ ከባሕር ጠለል 200 ሜትር ቢበልጥ ነው። ደጋ የለመደ ሰውነት ቆላ ሲሰነብት ልምዱ እየለቀቀው ይሄዳል። ደጋ ኖረው፣ ቆላ ሰንብተው ሲመለሱ ሳንባቸው ውኃ የቋጠረ ሰዎች በሕክምና ይታወቃሉ። በጎሬፓኒ ከፍታ ይህ የሚያጋጥመው ጥቂቱን ሰው ነው። ቢሆንም ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡት ደስ ይለኛል፤ በመጀመሪያ ተራራው፣ ከዚያ ደልሂ ዕረፍት። ካልሆነ «እኔ የሱሉልታ ልጅ ነኝ» ብለው አይተማመኑ። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት ከመጣ፣ ከእሱም ጋር ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ ድካም ካለ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይያዙት። ያሉበት ይደሩ፤ ወደ ላይ አይቀጥሉ። ከባሰ ይውረዱ። ቁጭ ብሎ የሚያለከልክ ሰው፣ ወይም እንደሰከረ የሚንገዳገድ ሰው ካያችሁ ግን ጠዋትን አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ውረዱ።

ሰው የማይነግርዎን አንድ ነገር ልንገርዎ። በቅሎዎቹ። ቃጭላቸው ከሩቅ ይሰማል። ሲሰሙት ቆም ይበሉና ወደ ተራራው ወገን ይጠጉ። በገደሉ ወገን በፍጹም አይቁሙ። በቅሎዋ ክፉ ሆና አይደለም፤ ጭነቱ በሁለት በኩል ወጥቶ መንገዱን ይሞላዋል፣ እርስዎ እንዳሉም አታውቅም። በጋዝ ሲሊንደር የተገፋ ሰው የሚወድቀው ወደ ታች ነው። እኛ ስንወጣ አስጎብኚያችን ቃጭል በሰማ ቁጥር ክንዳችንን ይዞ ግድግዳ ላይ ይለጥፈን ነበር። በሕይወቴ ካየሁት ጥንቃቄ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ስለ አስጎብኚ ከተነሳ፣ ኔፓል እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የውጭ አገር ተጓዥ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሳይዝ እንዳይሄድ ደንግጋለች። ለእርስዎ ጥሩ ነው። ጓዝ ተሸካሚም ይያዙ፤ ጉልበትዎን ያድንልዎታል። ግን ጫማው ምን እንደሚመስል፣ ብርድ ልብስና ኢንሹራንስ እንዳለው ይጠይቁ። የእርስዎን ምቾት ተሸክሞ በነጠላ ጫማ የሚወጣ ልጅ ሲያዩ ደስታው ይጠፋል። ለራስዎም ኢንሹራንስ ይግዙ፤ የእግር ጉዞን በስሙ ጠቅሶ እስከ 4,000 ሜትር የሚሸፍንና ሄሊኮፕተርን የሚጨምር ይሁን። ከመንገድ ርቆ እግር የተሰበረ ሰው ቶሎ የሚወጣው በሄሊኮፕተር ነው።

ወሩን በተመለከተ፣ መጋቢት አበባው ነው፣ ግን ሁዳዴ ነው። ይጾሙ አይጾሙ አላወቅኩም፤ የሚጾሙ ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ሆድዎ ባዶ ሆኖ፣ ውኃም ሳይቀምሱ ያንን አቀበት እንዲወጡ እኔ እንደ ነርስ አልመክርም። የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ። የምግቡ ዓይነት ችግር አይደለም። እዚያ ዋናው ምግብ ዳል ባት ነው፤ ሩዝ፣ ምስር ወጥና አትክልት። ምስሩ ላይ ቅቤ ሊጨምሩ ስለሚችሉ «ያለ ቅቤ» ብለው ይዘዙ። ለእኔ ግን ጥቅምት ይሻላል። አበባ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ዳውላጊሪና አናፑርና የተባሉት ተራሮች ፊት ለፊት ይታያሉ፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ክረምታቸው ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ በሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ አይታሰብም። ያኔ ጫካው አልቅት በአልቅት ነው፤ መሬትም ይናዳል። መስከረምም ገና አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2024 ልክ በእኛ መስቀል ሰሞን የጣለው ዝናብ በኔፓል ከ200 በላይ ሰው በጎርፍና በመሬት መናድ ገድሏል።

ወረቀት ነክ ነገር በአጭሩ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ቪዛ አያገኝም፤ አስቀድሞ ከኔፓል ኤምባሲ መውጣት አለበት። ልጅዎ ይህን አሁኑኑ ይጀምር። ቢጫ ካርድዎንም (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ) ይያዙ፤ ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን መንገደኛ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ጂፕ እስከ ኡሌሪ፣ ቁልቁለቱ በሁለት ቀን፣ ቢቻል ጥቅምት፣ የሁለቱን ቀን ፈተና እንጦጦ ላይ ካለፉ ይሂዱ። ባለቤትዎንም በፈተናው ቀን ይዘዋቸው ይውጡ።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። 26 ዓመቴ ነው፤ ለገጣፎ ነው የምኖረው። በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፣ እንጦጦም ሰንዳፋም። ከጓደኞቼ ጋር ፑን ሂልን ጨርሰን በዚያው አናፑርና ቤዝ ካምፕ ልንቀጥል አስበናል። አዲስ አበባ ላይ ተወልዶ ላደገ ሰው ከፍታ ችግር አይደለም አይደል? ፈጣን ስለሆንን ቀን ማሳጠር ይቻላል ወይ?
የለገጣፎው ሯጭ

መልስ፦ ልጄ፣ መሮጥህ ሳንባህንና ልብህን አጠንክሯል። ከከፍታ ሕመም ግን አያድንህም። እንዲያውም ሆስፒታል ስሠራ የማውቀው ነገር ነው፤ ጠንካራ ወጣት ሕመሙን ደብቆ ይቀጥላል። ቶሎ ስለሚወጣም ሰውነቱ ሳይለምድ ይደርሳል።

ፑን ሂልና ቤዝ ካምፕ አንድ ጉዞ አይደሉም። ቤዝ ካምፕ፣ ማለትም የአናፑርና ተራራ ግርጌ ካምፕ፣ 4,130 ሜትር ነው። አዲስ አበባ 2,355 ገደማ ናት፤ ልዩነቱን አንተው አስላው። የሕክምናው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታህን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድግ ነው። ደውራሊ የሚባለው ማደሪያ 3,230 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ተነስቶ በአንድ ቀን ቤዝ ካምፕ ማደር 900 ሜትር መዝለል ነው። ብዙ ፈጣን ልጆች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አንተ መሐል ላይ 3,700 ሜትሩ የማቻፑችሬ ካምፕ እደር። ለከፍታ ሕመም መከላከያ ዳያሞክስ የሚባለውን ኪኒን ሰው ይነግርሃል። ይጠቅማል፤ ግን ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰደው። በዝግታ መውጣትንም አይተካም።

ሌላው በረዶ ነው። ከደውራሊ በላይ ያለው ሸለቆ ግራ ቀኙ የበረዶ ናዳ የሚወርድበት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 እዚያው አካባቢ አራት የደቡብ ኮሪያ ተጓዦችና ሦስት ኔፓላውያን በናዳ ሞተዋል። የጫካው መንገድ ላይ ይህ አደጋ የለም። ስለዚህ በብርድ ወራታቸው፣ ወይም ትልቅ በረዶ ከጣለ በኋላ፣ አስጎብኚው «እንጠብቅ» ካለ ጠብቁ። የተመላሽ ቲኬታችሁ ላይ ሁለት የተረፈ ቀን ይኑር። ቀን የሌለው ሰው ነው ናዳ ስር የሚሮጠው።

ሰውነትህን መፈተን ከፈለግህ አገርህ ውስጥ ስሜን ተራራ አለልህ። ሳንካበር የሚባለው ማደሪያ 3,250 ሜትር ገደማ ነው፣ ጨነቅ የሚባለው 3,620። ሁለቱም ላይ እደርና እንዴት እንደምታድር እይ። ደህና ማደርህ ዋስትና አይሆንም፤ ራስህን ካመመህ ግን ትልቅ ትምህርት ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሰበታ ነው የምኖረው፤ 61 ዓመቴ ነው። የደም ግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። የልጅ ልጆቼ ወደዚያው የጫካ መንገድ ሊወስዱኝ ይፈልጋሉ። ይከለከላል?
የሰበታው አባት

መልስ፦ አባቴ፣ ግፊትዎ በመድኃኒት ከተስተካከለ በዚያ ከፍታ አይከለከልም። ካልተስተካከለ ግን መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ሐኪምዎን «3,210 ሜትር ላይ፣ በቀን 5 እና 6 ሰዓት ደረጃ ልወጣ ነው» ብለው በቁጥር ይንገሯቸው፤ «ልጓዝ ነው» ብቻ አይበሉ። ከሚወስዷቸው ውስጥ ሽንት የሚያሸና ኪኒን ካለ ለይተው ይጠይቁ፤ ላብና ተቅማጥ ሲጨመርበት ሰውነት ውኃ ያጣል። ደረትዎን የሚጨንቅዎ ከሆነ ወይም ልብዎ ታሞ የሚያውቅ ከሆነ ልብዎ ሳይመረመር አይነሱ። መድኃኒቱን በሁለት ከፍለው ይያዙ፤ ግማሹ በራስዎ ኪስ፣ ግማሹ በአንዱ የልጅ ልጅዎ ቦርሳ። የጓዝ ተሸካሚው ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤ እሱ ቀድሞ ማደሪያ ይደርሳል፣ እርስዎ መንገድ ላይ ነዎት።